አያ ተገኘን ለደረት ምርመራ ፍኖተ ሰላም ያደረስሁበት ጉዞ

ከፋሲካ ማግሥት የአባቴን ታናሽ ወንድም አያ ተገኘን ይዤ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተነሣሁ። እኔ ቡሬ አስተማሪ ነኝ፤ እሳቸው ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ከገና ወዲህ ትንፋሽ አጥሯቸዋል፤ ቀኝ ጎናቸውንም ይወጋቸዋል። ጎረቤት ሁሉ «ሳንባ ነቀርሳ ነው» ስላለ፣ «ልጆቼን እንዳላስይዝ» ብለው ለብቻቸው ይበላሉ፣ ለብቻቸው ያድራሉ።

ከቡሬ

ጧት አንድ ሰዓት ላይ እህል የጫነ መኪና አገኘን። ለሁለታችን ሦስት ብር ከፍለን፣ እሳቸው ከሾፌሩ ጎን፣ እኔ ከጤፉ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ጠጠሩ መንገድ ሲያንገጫግጭ ሳላቸው እስከ እኔ ይሰማ ነበር። ማንኩሳ ላይ ጎማ እስኪቀየር ዳቦ ገዛሁ፤ አያ አልቀመሱም።

ፍኖተ ሰላም

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ረዳቱ ድሬሰር ያስተረጉማል። በራጁ ላይ የግራው ሳንባ ጥቁር ሲሆን የቀኙ ግማሽ ነጭ ሆኖ ታየ። «ነጩ ውሃ ነው» አለኝ ድሬሰሩ። ሦስት ጧት አክታቸው ተመረመረ፤ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ አልተገኘም። በአራተኛው ቀን በጀርባቸው በኩል መርፌ ገብቶ ደም የቀላቀለ ውሃ ተቀዳ።

«ከእርሻ በፊት ምን ይሠሩ ነበር?» ሲል ሐኪሙ ጠየቀ።

«በጣሊያን ጊዜ ምጽዋ፣ የመርከብ የእንፋሎት ቧንቧ እሸፍን ነበር።»

«በምን?»

«ጥጥ በሚመስል ድንጋይ። ስንቀድደው እንደ ዱቄት ይቦናል።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ድንጋዩ አስቤስቶስ እንደሚባል፣ ብናኙም ከብዙ ዘመን በኋላ የሳንባን ሽፋን በካንሰር እንደሚያስይዝ በቅርቡ መታወቁን ነገረን። ሆኖም በግምት አልናገርም አለ። በወፍራም መርፌ ከሽፋኑ ቅንጣት ሥጋ ወሰደ፤ በአጉሊ መነጽር እንዲታይም አዲስ አበባ ተላከ። አያ ጥርሳቸውን ነክሰው «አቤቱ» ከማለት በቀር አልጮኹም።

እሳቸው እዚያው ተኝተው ቆዩ። እኔ ወደ ሥራዬ ሄጄ በግንቦት ስመለስ ውጤቱ መጥቶ ነበር። ሜሶቴልዮማ ይባላል፤ የሳንባ ሽፋን ካንሰር ነው። ትንፋሽ እንዲቀላቸው ውሃውን ከመቅዳት በቀር መድኃኒት የለውም።

አያ ሐኪሙን «ጌታዬ፣ ወደ ሰው ይጋባል?» አሉት።

«አይጋባም።»

«ከልጆቼ ጋር ባንድ ገበታ ብበላስ?»

«ምንም አያደርጋቸውም።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያ ምን ያስቀምጠናል? መኪና አሳፍረኝ፣ ልጄ።»

ቤት

ከቡሬ በተከራየሁላቸው በቅሎ ስንደርስ ባለቤታቸው ከደጅ ተቀበለችን። አያ ገና ከበቅሎው ሳይወርዱ «አይጋባም!» አሏት።

«ዳንሁ በለኛ!»

«አልዳንሁም። አይጋባም ነው ያልሁሽ።»

መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ራት ሲቀርብ አያ አራቱንም ልጆች ጠርተው በየተራ አጎረሱ።

ወደ ሐኪም የሚኬደው ለመዳን ብቻ ይመስለኝ ነበር። የበሽታን ስም በትክክል ማወቅ ለሰው ቤተሰቡን እንደሚመልስለት ያየሁት በዚህ ጉዞ ነው። አያ ተገኘ በጥቅምት ዐረፉ፤ ታናሽ ልጃቸው ራሳቸውን ደግፋ ይዛ ነበር።