ለሽማግሌ የሚነሳው የመፍቻ ሳጥኔ

ዛሬ ጋራዥ ውስጥ የመፍቻ ሳጥኔ ለሽማግሌ ተነሳ። እኔ አልተነሳሁም።

ክዳኑን ከፍተው የሚይዙት ሁለት የጋዝ ዘንጎች ከደከሙ ቆይተዋል። አባቴ እኔ ጋ መጥተው በተቀመጡ ቁጥር ከዘራቸውን ተውሼ ነበር የምደግፈው። ትናንት ለቅሶ ሊሄዱ ከዘራቸውን ሲያነሱ ክዳኑ ጣቴ ላይ ወረደ።

"የራሴን ከዘራ ነው ያነሳሁት፤ ምን ያስጮህሃል?" አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ከሞጣ አዲስ ዘንጎች አስመጣሁ። ሻጩ የመኪና ኮፈን የሚያነሳ ነው ብሎኛል፤ ብርታት ማን ይጠላል ብዬ ሁለቱንም ገጠምኳቸው። ክዳኑ ግን ካልተጫኑት አልዘጋም አለ።

አባቴ መጥተው ተቀመጡበት፣ ተዘጋ። ቢቸና ውስጥ እንደ አባቴ ያለ መቆለፊያ የለም ብዬ መኪና ሥር ገባሁ።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን ጋሽ ምትኩ በር ላይ ብቅ አሉ። አባቴ "ኖር" ብለው ብድግ አሉ። ክዳኑም ከኋላቸው ቀስ ብሎ፣ በሥርዓት፣ ብድግ አለ።

ጋሽ ምትኩ ሳጥኑን ትንሽ አዩት። "በእግዜር፣ በእግዜር" አሉ፤ አንዱ ለአባቴ፣ አንዱ ለሳጥኑ።

ለመነሳት እኔም ሞክሬ ነበር፤ ያበጠው ግንባሬ ይመስክር።

አባቴ ከመኪናው ሥር የወጡትን እግሮቼን እያዩ፣ "ሠላሳ ዓመት ልጄን ያስተማርኩትን ሳጥኑ በአንድ ጠዋት ቻለው" አሉ።

እስኪ እናንተ ቤት ከእናንተ ቀድሞ ሥርዓት የተማረ ዕቃ ካለ ንገሩኝ፤ ብቻዬን አልፈር።