አንለይ ቆሞ የተነሳው ፎቶ

ያን ቀን ጠዋት ሥራ ስገባ አሻንጉሊቶቼ አምስቱም በግንባራቸው ተደፍተው አገኘኋቸው...

ያኔ መተማ ዮሐንስ ነርስ ነበርኩ። ከሱዳን በኩል በሚገባው ዕቃ መሀል እጅ እግራቸው የሚተጣጠፍ፣ ሰይፍ የያዙ፣ ክንፍ ያላቸው የጀግና አሻንጉሊቶች ካየሁ ሳልገዛ አላልፍም። ለልጅ አይደለም፤ ለራሴ ነው። አቁሜ ሳያቸው ደስ ይለኛል። ችግሩ የመተማ ሙቀት ነው። የተከራየሁት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ፕላስቲኩ ይለሰልስና ቁርጭምጭሚታቸው እየታጠፈ ይወድቃሉ። ስለዚህ ትንሽ ቀዝቀዝ ወደሚለው፣ ካላዛር የተባለው የአሸዋ ዝንብ በሽታ የያዛቸው ታማሚዎች ወደሚተኙበት ክፍል አምጥቼ መስኮቱ አጠገብ ደረደርኳቸው። እዚያም አልቆም አሉ።

ዘበኛችን ጋሽ ደሴ ባዩኝ ቁጥር ይስቃሉ። «አንቺ ልጅ፣ አግብተሽ ብትወልጂ እኮ ይሄ ሁሉ ተጫዋች ያገኝ ነበር» ይሉኛል።

ያን ቀን ከመስኮቱ ሥር ካለው አልጋ አንድ ድምፅ መጣ።

«ሲስተር፣ እግሩን ገጥመሽ ስታቆሚው እኮ ነው የሚወድቅ።»

አንለይ ነው። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ የቀን ሠራተኛ። ሆዱ አብጦ፣ እግሩ ቀጥኖ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአልጋ አልተነሳም።

«አንዱን ወደፊት፣ አንዱን ወደኋላ አርጊለት። እኛ የሰሊጥ ነዶ ስናቆም እግሩን ካልከፈትንለት ንፋስ ይጥለዋል። ከወደቀ ደግሞ ፍሬው መሬት ነው የሚቀር።»

የተጣመመውን ቁርጭምጭሚት ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ አቀናሁት፤ ወዲያው ቀዝቃዛ ውስጥ ስከተው ደረቅ አለ። አንለይ ተኝቶ ያዝዘኛል። «ትንሽ ወደ ግራ... በቃ፣ ተይው።» አራቱ ቆሙ። አምስተኛው ግን ክንፉ ከብዶት ወደፊት እየተደፋ አስቸገረኝ። በመጨረሻ ስስ ናይለን ክር በብብቱ አሳልፌ ከኋላው ሚስማር ላይ አሰርኩት። ከፊት ሲያዩት ክሩ አይታይም።

አንለይ ብዙ አየው። ከዚያ...

«ሲስተር፣ እኔንም እንዲህ አርገሽ አቁሚኝ» አለኝ።

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ታናሽ ወንድሙ ይበልጣል፣ አብርሃ ጅራ በምትባለው ከተማ በኩል አጨዳ ላይ ነው። መታመሙን ሰምቶ ሥራውን ትቼ እመጣለሁ ብሏል።

«ከመጣ ቦታውን ሌላ ሰው ይይዝበታል። እናታችን የሱን እጅ ነው የምትጠብቅ። ድኛለሁ ብለው አያምነኝም፤ የደከመ ድምፄን በስልክ ሰምቷል። ቆሜ ካየኝ ግን ያምናል። ፎቶ አንሺኝ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ከገባ ጀምሮ ዓይኑ እንዲያ ሲበራ አይቼው አላውቅም...

ጋሽ ደሴን ጠራሁ። ደግፈን አነሳነው። ጋቢውን በብብቱ ሥር አሳልፈን ከመስኮቱ ብረት ጋር ጥብቅ አድርገን አሰርነው። ጋሽ ደሴ ኮታቸውን አውልቀው ከላይ ደረቡለት። እግሩን ራሱ ከፈተ፤ አንዱን ወደፊት፣ አንዱን ወደኋላ። በስልኬ አነሳሁት። ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ።

ስንፈታው ጋሽ ደሴ ክንድ ላይ ወደቀ። «ይሄ ልጅ ምንም አይመዝንም እኮ» አሉኝ ቀስ ብለው።

ፎቶውን አሳጥቤ ወደ አብርሃ ጅራ ለሚሄድ የጭነት መኪና ሹፌር ሰጠሁት። አንለይ የዚያን ቀን ምሳውን በላ። እኔም ጥሩ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት አፍንጫው ደማ። የምንችለውን ሁሉ አደረግን፤ ደሙ አልቆም አለ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አረፈ። እጁን ይዤው ነበር።

ለወንድሙ ካቦ፣ ለአጫጆቹ አለቃ ደወልን። ይበልጣል በማግስቱ ደረሰ፤ ልብሱ ላይ የሰሊጥ ገለባ እንዳለ። አላለቀሰም። ከደረት ኪሱ ፎቶውን አውጥቶ ፊቴ ላይ ዘረጋው።

«ይኸው ቆሟል! ይኸው ይስቃል! በሳምንት ውስጥ ምን አድርጋችሁት ነው?»

በሽታው እንዲህ ነው፣ አንዳንዴ በድንገት ይብሳል ብዬ ብመልስለት ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ጋሽ ደሴም ዝም በይ በሚል ዓይን አዩኝ። አልቻልኩም። መስኮቱ ጋ ወስጄ ብረቱን አሳየሁት። ጋቢውን በየት በየት እንዳሳለፍን፣ ኮቱ የማን እንደሆነ፣ አንለይ ለምን እንደለመነኝ... ሁሉን ነገርኩት።

እጁን ብረቱ ላይ አደረገ።

«ያን ቀን እኮ ልመጣ መኪና ላይ ወጥቼ ነበር» አለኝ። «ሹፌሩ ይችን ሰጠኝ። አየኋት። ወረድሁ።»

እሱ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ስታስሩት አመመው?» አለኝ።

«አላመመውም። የምርም ስቋል።»

ፎቶውን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ወደ ኪሱ መለሰው። «ለእናቴ ያለኝ ይችው ናት። ስለጋቢው እንዳትሰማ» አለኝ።

ማንም አልሰማም፤ ዛሬ ለእናንተ እስክነግር ድረስ።

ብዙ ዓመት ሆነው። አሁንም ነርስ ነኝ። ታማሚ ፎቶ አንሺኝ ካለኝ አነሳዋለሁ... እንደተኛ።