ጡረታ የወጣው ጄኔራል

ባሌን ኮሮና የያዘው ደቡብ አፍሪካ፣ ዳቬይተን ሳለን፣ ሎክዳውኑ በጠበቀበት ሰሞን ነው። ስፓዛ ከሚሏት የሰፈር ሱቃችን ጀርባ ባለችው ክፍል ብቻውን ተኛ፤ እኔ ከጣውላው ግድግዳ ወዲህ ከቲቪው ጋር ቀረሁ። ታናሽ ወንድሙም ዲፕስሉት በሚባለው ሌላ ሰፈር በዚያው በሽታ ወድቆ ነበር። ያለን ስልክ አንድ ነው፣ እኔ ጋ ነው። ጠዋት ጠዋት ለወንድሙ እደውልለታለሁ፤ "ደህና ነኝ" ከማለት በላይ አቅም የለውም፤ እኔም ያንኑ ለባሌ እነግረዋለሁ።

ሁለቱ ወንድማማቾች በአማርኛ የተተረጎመውን የቱርኩን ጄኔራል ድራማ ሳያዩ አያድሩም ነበር። የታናሽየውን ቲቪ ሌቦች ወሰዱበት፣ ባሌን ደግሞ ግድግዳ ጋረደው፤ እንዳይረብሸው ድምፁንም ቀንሼ ነበር የማየው።

"ዛሬስ ምን ሆነ?" ይላል ከወዲያ።

"ኤዲያ! መተንፈስ አቅቶህ ለቱርክ ፖለቲካ ትጨነቃለህ?" እለዋለሁ። ግን እነግረዋለሁ። ጄኔራሉ ታንክ አስወጥቶ መንግሥት ገለበጠ፣ መለዮውን አውልቆ ከረባት አሰረ፣ ሚኒስትር ሆነ። ባሌ ድሮ ወታደር ነበርና ዝም አይልም። "ያ ከረባት ያንቀዋል፣ ታያለሽ!" ይላል እያሳለ።

አንድ ቀን ጄኔራሉን የገዛ ጓደኞቹ ገደሉት። እኔ እቴ! ለበሽተኛ መርዶ ይነገራል እንዴ? እኛ ዘንድ ለታመመ ሰው የእናቱ ሞት እንኳ ይደበቃል።

"ዛሬስ?" አለኝ።

"ጡረታ ወጣ" አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ጄኔራሉን ያኖርኩት እኔ ነኝ። ገጠር ቤት ሠራሁለት፣ ቲማቲም አስተከልኩት፣ ከተኳረፈው ልጁ ጋር አስታረቅሁት። ተመልሰህ ግዛን ብለው ሲለምኑትም እምቢ አስባልኩት።

ባሌ ሻል ሲለው ወጥቶ ቲቪው ፊት ተቀመጠ። የጄኔራሉ ሚስት ጥቁር ለብሳ መቃብር ላይ አበባ ታስቀምጣለች። መጀመሪያ እስኪያስለው ድረስ ሳቀብኝ። "አንቺ ውሸታም! ቲማቲም ያስተከልሽው ሬሳውን ነው?"

ከዚያ ሳቁ ቆመ። "ወንድሜስ?"

"ደህና ነው አልኩህ አይደል!"

"ጄኔራሉንም ደህና ነው ብለሽኝ ነበር።"

እውነቴን ነበር፤ ግን ማን ይመነኝ? ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ አይነሳም። በጌታ! ጠዋት ያናገርኩትን ሰው እኔ ራሴ መጠራጠር ጀመርኩ። ባሌ ስልኩን ከእጄ ወስዶ፣ ድምፁን ከፍቶ ደግሞ ደወለ።

"አቤት" አለ የደከመ ድምፅ።

ባሌ እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ ስሙን ብቻ ጠራው።

"ጋሼ? አንተ ነህ? ተመስገን!" ትንሽ ተነፈሰ። "ጋሼ፣ ጄኔራሉ ምን ደረሰ? እዚህ የሚነግረኝ ሰው የለም።"

ባሌ ቀና ብሎ አየኝ። እጁን ዘርግቶ ቲቪውን አጠፋ።

"ጡረታ ወጥቷል" አለው። "ቲማቲም ተክሏል።"