የአባባ መተንፈሻ

ወንድሜን ሰፈሩ «ሽቦ» ይለዋል፤ መልኩም ሥራውም ሽቦ ነው። ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። አሁን ሰዉ ሲያየው መንገድ ይቀይራል፤ እኔ ደግሞ አፌን ይዤ እቃጠላለሁ።

አባባ መተንፈስ ሲያቅታቸው ሐኪሞቹ የላስቲክ ከረጢት ሰጥተው ወደ ቤት ሸኙን። ከረጢቱን በእጅ እየጨመቁ አየር ማስገባት ነው፤ ካቆሙ አለቀ። እማዬ፣ እኔና ሽቦ እየተፈራረቅን ስንጨምቅ ጣታችን አልታዘዝ አለን። «እንዲህማ አይሆንም» አለ ሽቦ። ከአሮጌ ማተሚያ ሞተር ፈትቶ ከረጢቱን የሚጨምቅ ክንድ ሠራ። ሞተሩን የምታዘው አውራ ጣት የምታክል የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ናት። ኃይሏን ከመኪና ባትሪ ትወስዳለች፤ አቤት ስትግል! እንደ ካውያ ነው። ጀርባዋ ላይ አልሙኒየም ለጠፈላት፣ ፊት ለፊቷ የሚያቀዘቅዛት ትንሽ ፋን ገጠመላት። «ከልክ በላይ ከጋለች ሥራ ታቆማለች፤ ፋኑን እንዳትነኩ» አለን። እማዬ መረቀችው። እጃችንም አረፈ።

ታዲያ እማዬ ራቁቱን የተቀመጠ ዕቃ አትወድም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ፍሪጁ ዳንቴል አለው፣ የውሃው ጀሪካን እንኳ ሳይቀር! አንድ ቀን ሽቦ ሁለተኛውን ባትሪ ሊያስሞላ ጋራዥ እንደሄደ ጠያቂ መጣ። የተዝረከረከ ገመድ ለእንግዳ ይታያል እንዴ? የቴሌቪዥኑን ዳንቴል አንስታ፣ ፋኑን ሳትነካ፣ ቦርዷን ከነፋኗ ደርባ አለበሰቻት። ከዚያ እንግዶቹን እስከ ዋናው መንገድ ልትሸኝ ወጣች፤ የሽኝት ወሬ ደግሞ መቼም አያልቅም።

እኔ ከሥራ፣ ሽቦ ከጋራዥ አብረን ገባን። ቤቱ ጭጭ ብሏል። ሽቦ ሮጦ ከቦርዷ ላይ ዳንቴሉን ገፈፈው። ቦርዷ በረድ ስትል ሞተሩ እንደገና መዞር ጀመረ፤ ለሞቱት አባቴ አየር ይሰጣል። ወይ አምላኬ! ሽቦ ባትሪውን ነቀለና ዳንቴሉን ቴሌቪዥኑ ላይ መለሰው።

እማዬ ስትገባ «ባትሪው አልቆ ነው። ሳላየው ወጣሁ፤ የኔ ጥፋት ነው» አላት።

ለቅሶው ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ «አባቱን በቆርቆሮ ገደለው!» እያለች ደረቷን ደቃች።

ጓዳ ጎትቼ አስገባሁትና «አብደሃል? አሁኑኑ እነግራታለሁ!» አልኩት።

«ዝም በይ! እኔን ብትጠላ አንቺ አለሽላት። ራሷን ከጠላች ማን አላት?»

እስካሁን አልነገርኳትም። ትናንት እማዬ አሟት ተኝታ ሳለ ሽቦ ውሃ ይዞላት ገባ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እኔን ጠራች።