ስለ ሁለት ሜጋቢት ቡሬ ላይ የተቀመጠው ሽምግልና

መቱ ቴሌኮም ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ጋሼ በቀለ እጄን በቅጡ እንኳ ሳይጨብጡኝ፣ «ሁለት ሺህ አርባ ስምንት ለስምንት ሲካፈል ስንት ነው?» አሉኝ። ብዕር ፍለጋ ኪሴን መዳበስ ጀመርኩ።

«ብዕር የምን ነው! ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት። እንደ አባታችን ሆይ ያዘው» አሉ። «እኛ መስመር የምንሸጠው በቢት ነው። የደንበኛው ኮምፒውተር ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው በባይት ነው። ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው። ሁለት ሜጋቢት፣ ማለትም ሁለት ሺህ አርባ ስምንት ኪሎቢት፣ ሸጠህ ደንበኛው ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎባይት ቢያይ፣ ልክ ነው። ትንሿ ቅናሽ መስመሩ ለራሱ የሚበላት የመንገድ ስንቅ ናት።»

እኔ ግን ምን ልበላችሁ፣ ያን ቀን እግሬ መሬት አልነካም! ቀበቶዬ ላይ ፒንሳ፣ ኪሴ ውስጥ ቴስተር፣ ትከሻዬ ላይ የገመድ ጥቅል። የመቱ ባጃጅ ሁሉ እኔን ለማየት ፍጥነቱን የሚቀንስ ይመስለኝ ነበር። ገና የሙከራ ጊዜ ላይ መሆኔ ትዝም አላለኝ።

ያኔ ብሮድባንድ ወደ ወረዳ ከተሞች መግባቱ ነበር። በእኛው በመቱ በኩል ያለችው ቡሬ ሄጄ ለእትዬ ጫልቱ ኢንተርኔት ቤት ባለ ሁለት ሜጋቢት መስመር ዘረጋሁ፣ ሞደሙን ገጠምኩ፣ ስለ ስምንቷም ነገርኳቸው። እሳቸው ወረቀት የበላባቸውን ፕሪንተር እየተሳደቡ ስለነበር «እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ» ብለው ሸኙኝ።

ወር ሳይሞላ እትዬ ጫልቱ ነጠላቸውን አስረው መቱ ቢሯችን ድረስ መጡ። «ሁለት ሺህ ብላችሁ ሸጣችሁልኝ፣ ኮምፒውተሩ የሚያሳየኝ ሁለት መቶ ሃምሳ! ምሳ ሰዓት ላይማ መቶ ሃያ ይላል! ቀሪውን ይሄ ልጅ ለሌላ ሰው ቀጥሎታል» ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። ጋሼ በቀለ ሊያስረዱ ቢሞክሩም ወይ ፍንክች። «እኔ የቢሮ ወሬ አልፈልግም፣ ጃርሳ ቢያ ይየን» አሉ፤ የአገር ሽማግሌ ማለታቸው ነው።

ጋሼ በቀለ ወደ ጎን ጠሩኝ። «ክሳቸውን ካላነሱ የሙከራ ጊዜህን አላጸድቅልህም። ሂድና ታረቅ» አሉኝ። ያ ሁሉ ፒንሳና ቴስተር ከቀበቶዬና ከኪሴ ሊወርድ ነው!

ሽምግልናው እዚያው ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ቡና ነጋዴው ኦቦ ገመዳና ከወሎ በሰፈራ የመጡት፣ አፋን ኦሮሞን ከእኔ ከመቱ ልጅ አስበልጠው የሚያቀላጥፉት ሐጂ ሰይድ ነበሩ። የክሱ ጭብጥ፦ ከስምንት እጅ ሰባቱን ማን በላው?

ጆግና ብርጭቆ አስመጣሁ። ስምንት ብርጭቆ ውሃ ጆጉ ውስጥ ገለበጥኩና፣ «እትዬ የገዙት በብርጭቆ ተቆጥሮ ነው፣ ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በጆግ ነው። ውሃው ያው ውሃ ነው» አልኩ።

ኦቦ ገመዳ ጆጉን አንስተው ግማሹን ጠጡት። «ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር» አሉ። «ውሃውስ ገባን። አሁን ኮምፒውተሩን አሳየን።»

በእሳቸው ትእዛዝ ከአንዱ በስተቀር ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ጠፉ። ስልሳ ሜጋባይት የሆነ ፋይል መረጥኩ፣ አሰላሁ፣ ደረቴን ነፋሁ። «ከነመንገድ ስንቁ አምስት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል!» ሐጂ ሰይድ ሰዓታቸውን ፈተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

ሁለት መቶ አርባ አምስት! ሁለት መቶ ሃምሳ! በደስታ ልዘፍን ምንም አልቀረኝም። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ግን ቁጥሩ ዥው ብሎ መቶ ሃያ ላይ ተቀመጠ። ኬብሉን ነካካሁ፣ ሞደሙን ለመንኩት፣ አልሰማኝም። አምስት ደቂቃው ሲሞላ ፋይሉ ገና ነበር።

«ያ ዋቃ! አላልኳችሁም?» አሉ እትዬ ጫልቱ እያጨበጨቡ።

ኦቦ ገመዳ ፊታቸውን አኮሳተሩ። «እንግዲህ ልጄ፣ አልነካሁም ብለህ ማል።» እጄን አነሳሁ። በሽማግሌ ፊት መማል ቀልድ አይደለም።

ይሄኔ ከጓዳ፣ «እንዳይምል! እኔ ነኝ!» የሚል ድምፅ መጣ። የእትዬ ልጅ ሌንሴ ናት። ቡሬ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነች፤ ለምሳ በጓሮ በር ገብታ ኖሯል። መስመሩን ለኮምፒውተሮቹ ከሚያከፋፍለው ስዊች ገመድ ጎትታ በኮርኒሱ በኩል ጓዳ ካስገባች ሰንብታለች። በየምሳ ሰዓቱ የምታወርደው ተከታታይ ፊልም ነው! አሁንም ማውረድ ጀምራ ሳለች ነው ሽምግልናውን የሰማችው።

እናቷ ነጠላ ጫማ አነሱ። ሌንሴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ኦቦ ገመዳ ጀርባ ተደበቀች። ሐጂ ሰይድ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ወላሂ፣ ሌባው ከቤት ወጣ!» ጓዳው ያለው ኮምፒውተር ሲጠፋ ቁጥሩ ተመልሶ ሁለት መቶ ሃምሳ ገባ። እትዬ ጫልቱ ጫማውን አስቀምጠው ግንባሬን ሳሙኝ፣ ክሱም ተነሣ።

ከዚያ ወዲያ የቡሬ መስመር ጥገና በዛ። ምንም ሳይበላሽም እሄድ ነበር። ደግሞ ያቺ ልጅ እናቷ ጫማ እንደሚያነሱባት እያወቀች ለማታውቀው ሰው ወጥታ መመስከሯ! እንዴት ሆኜ ልተኛ?

ዓመት ቆይቼ እነዚያኑ ኦቦ ገመዳንና ሐጂ ሰይድን ሽማግሌ አድርጌ ሰደድኩ። እትዬ ጫልቱ ተቀመጡ አላሏቸውም። «መጀመሪያ ንገሩኝ፣ ይሄ ሰው ስለ ራሱ ያወራው ሁሉ ለስንት ይካፈላል?»

«አካፍለን ነው የመጣነው» አሉ ሐጂ ሰይድ።

ዛሬ ሌንሴ በፋይበር ነው ፊልሟን የምታወርደው፤ ጓዳችን ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት። ለእናንተ ለአዲሶቹ ቴክኒሻኖች የምላችሁ ይህን ነው፦ ለደንበኛ ፍጥነት ስትነግሩ ለስምንት አካፍላችሁ ንገሩ። ቁጥሩ ከዚያም ካነሰ፣ ከመማላችሁ በፊት ጓዳ ግቡና እዩ።