ውሻው እንዴት አደረ?

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ሰቆጣ አስተማሪ ሳለሁ አንድ ክፉ ውሻ ነበረኝ። ክፉ የምለው አሁን ነው፤ ያኔ ማንም በፊቴ ቢለው እጣላው ነበር። አንድ ጠዋት አጥር ሾልኮ ወጣና ጎረቤቴን፣ ጨርቅ ነጋዴዋን ሙስሊም ባልቴት፣ እግራቸውን ነከሳቸው።

ሰፈሩ ዱላ ይዞ ወጣ። አንዱ ብልህ ነኝ ባይ ውሃ አቀረበለት፤ ያበደ ውሻ ውሃ ይፈራል ሲባል ነው ያደግነው። ውሻዬ ጠጣ። "ጤነኛ ነው!" ብዬ ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ፣ አስተማሪው።

ከኮሌጅ በቅርቡ የመጣው የእንስሳት ሐኪም ቁስሉን በሳሙና ደጋግሞ አሳጠበና ሁላችንንም ተቆጣን።

"ውሃ መጠጣቱ ምንም አይነግረንም። እንደ ድሮው ብትገድሉትም ማበዱን አለማበዱን አናውቅም። አስራችሁ ዐሥር ቀን ጠብቁት። ሲነክስ በሽታው ምራቁ ውስጥ ከነበረ ውሻው ዐሥር ቀን በሕይወት አይቆይም። በጤና ከቆየ እማማ ተርፈዋል።"

የሰው ክትባት ከከተማው አልቆ ከወልድያ እየተጠበቀ ነበር። ተስፋችን ሁሉ የውሻው ነፍስ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው በሬን የሚያንኳኩት እሳቸው ናቸው። የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ ለሶላት አይሆንምና ራቅ ብለው ቆመው፣ "ውሻው እንዴት አደረ?" ይላሉ። እኔን እንዴት አደርክ ማለቱን ተዉት። ትንሽ ቅር ብሎኛል፣ አልዋሽም።

በአምስተኛው ቀን ውሻው ምግቡን ተወ። ስነግራቸው ፊታቸው አመድ ለበሰ። እስከዚያ ቀን የምጨነቀው ለውሻዬ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ለእሳቸው ፈራሁ፣ በራሴም አፈርኩ። ከቤታቸው ሥጋ አምጥተው በረጅም እንጨት ገፋ አደረጉለት።

"ብላ እንጂ የኔ ጌታ" አሉት፣ የነከሳቸውን ውሻ።

አሸተተ፣ ዞር አለ፣ ተመልሶ አሸተተና በላ። አጥሩን ተደግፈው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

ዐሥሩ ቀን ሞላ። ውሻው ጅራቱን እየቆላ ተፈታ። ሐኪሙ "በሉ፣ ተገላገላችሁ" አለን። ክትባቱ አሁንም መንገድ ላይ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ በሩ ተንኳኳ።

"ውሻው እንዴት አደረ?"

"እማማ፣ ዐሥሩ ቀን እኮ አለቀ። እርስዎ ተርፈዋል።"

"የኔንማ አወቅሁ፣ ልጄ። እሱን ነው የጠየቅሁህ።"