ወፍራሙ ላሜራ

ጋራዤ ከጀጎል ግንብ ውጭ ነው። የተጋጨ መኪና ሲመጣልኝ ላሜራውን እየቀጠቀጥኩ፣ እየበየድኩ፣ የቀረውን ጎድጓዳ በስቱኮ እየሞላሁ ነው የኖርኩት። በዚህ ሥራ ያረጀ ሰው የመኪናውን ስም ማንበብ አያስፈልገውም፤ በሩን በጣቱ አጥንት ኳ ኳ ሲያደርግ ይገባዋል። የድሮዎቹ የአውሮፓ መኪኖች ድምፃቸው የታመቀ ነው፤ የብየዳውን እሳት ይችላሉ፣ ሲቀጠቀጡም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ከእነሱ በኋላ የመጡት የጃፓኖቹ ሳሳ አሉ። የቅርቦቹማ፣ ከየትም ይምጡ፣ ኮፈናቸው በአውራ ጣት ይሰረጉዳል፤ እሳቱን ትንሽ ካቆየህበት ይበሳል። እኔም ፈረስ መጋላ ሻይ ስጠጣ ሳይቀር «የዛሬ መኪና የብስኩት ቆርቆሮ ነው» እያልኩ እፈርድ ነበር። ሰውም ያምነኝ ነበር።

ከሁሉም በላይ ታላቅ እህቴ ታምነኝ ነበር። ጀጎል ውስጥ ጨርቅ ትነግዳለች፤ ዕቃዋን ከድሬዳዋ ራሷ እየነዳች ነው የምታመጣው። መኪና ልትገዛ ስትነሳ ሁለት ቀረቡላት። አንዱ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማያንስ የአውሮፓ መኪና፣ ሌላው ብዙ ያልተነዳ ትንሽ መኪና። ቀልቧ ያረፈው ትንሹ ላይ ነበር።

«ይሄኛው ቀበቶው ይሠራል፤ ኤርባግም አለው አሉኝ» አለችኝ።

በሩን አንኳኳሁና ሳቅሁ። «በፊኛ ነው የምትተማመኚው? ይሄን አህያ ቢገፋው ይጨማደዳል። እስቲ ያንን ንኪው፤ ምሽግ ነው!»

«አንተ ካልክ ይሁን፤ የምታውቀው አንተ ነህ» አለችና ምሽጉን ገዛች።

በክረምት፣ ጭጋጉ የደንገጎን ዳገት በሸፈነበት አንድ ጠዋት፣ ጠመዝማዛው ላይ ከሌላ መኪና ጋር ፊት ለፊት ተጋጨች። በስልክ የነገረኝ ሰው «ሐኪም ቤት ወስደዋታል፤ አትደንግጥ፣ ነፍሷ ደህና ነው» አለኝ። ወጣሁ። የተጋጩት መኪኖች የቆሙበት የትራፊክ ፖሊስ ግቢ መንገዴ ላይ ነበርና ጎራ አልኩ። ለምን ጎራ እንዳልኩ እስከ ዛሬ ለራሴ መመለስ ያቅተኛል።

ሰው ከቧቸዋል። የተጋጨቻት መኪና ያቺው የናቅኳት ዓይነት ትንሽ መኪና ነበረች፤ አፍንጫዋ እንደ ወረቀት ተጨማዷል። የእህቴ ግን ከጎማው በላይ ያለው አንዱ ፓራፋንጎ ታጥፏል፣ ኮፈኑ ትንሽ ቀና ብሏል፤ በቃ። ወላሂ ደስ አለኝ። ኮፈኑን በመዳፌ መታ መታ አደረግኩና ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ እንዲሰማ «ላሜራ ማለት ይሄ ነው! ያኛው ውስጥ የነበረውን አላህ ይማረው!» አልኩ።

ግንባሩ ላይ ትንሽ ፕላስተር የለጠፈ ወጣት ጠጋ አለኝ። «አባቴ፣ ያኛው ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ» አለ በትሕትና። «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆንኩም። የተጎዱት ሴትዮዋ ናቸው። ዘመድዎ ናቸው?»

በእህቴ መኪና መስኮት አጎንብሼ አየሁ። መሪው ወደ ፊት ተጣምሟል። ወፍራሙ ላሜራ አልቀበልም ያለውን ግጭት ደረቷ ተቀብሎታል።

ሐኪም ቤት ስደርስ የጎን አጥንቶቿ ተሰብረው፣ ትንፋሿን እየቆራረጠች ነበር የምትተነፍሰው። «ልጁ ተረፈ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ተርፏል» አልኳት። አጠገቧ የነበረው ባሏ ወንበር ገፋ አደረገልኝ። መቀመጥ አቃተኝ።

ያ ወጣት በኋላ መኪናውን እኔው ጋራዥ አመጣት። «በከተማው እንደ እርስዎ የሚያውቅ የለም አሉኝ» አለ። ቃሉ እንደ ጥፊ ነው ያረፈብኝ። ስፈታት፣ ፊቷ እስከ ሞተሩ ድረስ እጥፍጥፍ ብሏል፤ ከዚያ ወዲያ ግን፣ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል፣ ምንም አልነካውም። በሮቹ ገጥመው ይዘጋሉ። የተጎዳውን ልቆርጥ ወደ በሩ ምሰሶ ስጠጋ መጋዜ ተንሸራተተ፤ በመቁረጫው ግራይንደር ብሞክርም ዲስኩን በላብኝ እንጂ ብረቱ በቀላሉ አልበገር አለ። የፊቱ ስስ የሆነው እንዲታጠፍ ተብሎ ነው፤ ሰው ያለበት ደግሞ እንዳይታጠፍ። እንደዚያ የተጨማደዱ መኪኖች ስንት ጠግኛለሁ! ባለቤቶቻቸው በእግራቸው ቆመው ሲያስረክቡኝ፣ እንዴት በእግራቸው ሊቆሙ እንደቻሉ አንድ ቀን እንኳ ራሴን አልጠየቅኩም።

እህቴ ቤቷ ከገባች በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ። ትልቁ መደብ ላይ በትራስ ተደግፋለች። ስለ ሱቋ፣ ስለ ዝናቡ ስናወራ ቆየንና ድንገት፣

«ወንድሜ፣ ፖሊስ ግቢ መኪናዬን አመሰገንክልኝ አሉ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ሐረር እኮ ነው ያለነው።»

ምንጣፉን ማየት ጀመርኩ። «አላወቅኩም ነበር» አልኳት።

«አለማወቅህንስ ተወው። ያመሰገንከው እኔን ሳታየኝ ነው ወይስ አይተኸኝ?»

«ሳላይሽ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልነሳ አልኩ፤ መነሳቱም እንደ መሸሽ ሆነብኝና ተቀመጥኩ። እሷም ሳትዞር፣ ከጀርባዋ ያለውን ትራስ ከፍ እንዳደርግላት ጠየቀችኝ። እንዳላሳምማት እየፈራሁ ከፍ አደረግኩላት።